ሂሳኤ የምትሻገርበት መንገድ

ወንድሜ ቴትሱሮ መንገድ መሥራት ከጀመረ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ እስካሁን ግን አንዲት ጠጠር አላነሣም። የሚሠራው በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ነው። ባዶ ሜዳ ይሰጥሃል፣ ከተማ ትቆረቁርበታለህ፣ ውኃና መብራት ታስገባለህ፣ መንገድ ትዘረጋለህ፤ ከዚያ ትንንሽ ሰዎች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ መጥተው ይኖሩበታል። የልጅ ነገር ነው። ቴትሱሮ ግን ሃምሳውን ያለፈ፣ በኖካዋ ማዘጋጃ ቤት የውኃ ክፍል ውስጥ ያረጀ ሰው ነው። ከሥራ ይመለሳል፣ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ ለሚስቱ ትኩስ ሩዝ በትንሽ ሳህን ያቀርብላታል፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ይጣበቃል።

ሚስቱ ሂሳኤ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ናት። በነጭ ጨርቅ በተጠቀለለች ሣጥን ውስጥ።

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ይቃጠላል፣ አጥንቱ በሸክላ ይሰበሰባል፣ አርባ ዘጠኝ ቀን ቤት ከሰነበተ በኋላ ከቤተሰቡ የመቃብር ድንጋይ ሥር ይገባል። ትንሽ ቢዘገይ ማንም አይቀየምም፤ ክረምት ነው፣ በረዶ ነው ይባላል። ሂሳኤን ግን ስንት በረዶ አለፋት። ይህን ያህል ደጅ የቀረ ሙት በኖካዋ አላውቅም፤ እኔ ደግሞ የማላውቀው የለም፣ የከተማውን ራስ ሁሉ የማስተካክለው እኔ ነኝ። ፀጉር ቤቴ ውስጥ መስታወት ፊት የሚቀመጡት ባልቴቶች ወሬ ፍለጋ አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

"ኖቡኤ፣ ወንድምሽ አሁንም አላስገባትም?"

"አንገትሽን ቀና አድርጊ፣ ጆሮሽን እንዳልቆርጠው" እላለሁ። መልሴ እሱው ነው።

ለእናንተ ግን ምክንያቱን ልንገራችሁ። የሂሳኤ ቤተሰብ መቃብር ያለው ታቴሃማ ነው፣ ከተራራው ወዲያ ማዶ፣ ባሕሩ ዳር። ሂሳኤ ለእናቷ ለቶሜ አንድያ ልጅ ነበረች። ቤታቸው ስም የሚያስጠራ እንዳያጣ ብሎ ቴትሱሮ ሲያገባት የኛን ስም ትቶ የእነሱን ስም ወሰደ። በሥራው ምክንያት ኖካዋ ኖሩ እንጂ በስምም በመቃብርም የታቴሃማ ሰው ነው። አማቱ ቶሜ እዚያው ባሕሩ ዳር ብቻቸውን ይኖራሉ።

ከኖካዋ ታቴሃማ የሚያደርሰው አንድ መንገድ ብቻ ነው። ባቡሩ ተሳፋሪ አነሰው ተብሎ ተዘጋ። በተራራው አናት የሚያልፈው አሮጌ መንገድ በዝናብ ተናደ፤ አዲስ መንገድ እያለ ማን ይጠግነው? አዲሱ ደግሞ ግማሽ ነው። ሲታቀድ ባለ አካፋይ ነበር፤ አንዱ ለሚሄድ፣ አንዱ ለሚመጣ፣ መሐላቸው ዛፍ። መሬቱ ለሁለቱም ተገዛ፣ ደኑ ለሁለቱም ተመነጠረ፣ ሸለቆው ውስጥ የድልድይ ቋሚዎች ለሁለቱም ተተከሉ። ከዚያ አንዱን ብቻ ሠርተው "ለጊዜው" አሉና ሂያጁንም መጪውንም በዚያው ላይ ለቀቁት። በመሐል ያቆሙት ነገር ቢኖር እስከ ወገብ የሚደርስ የቀጫጭን ላስቲክ ዘንጎች ረድፍ ነው። እኛ አገር አንድ ነገር "ለጊዜው" ከተባለ ያን ቀን የተወለደ ልጅ አድጎ ያገባል። የሁለተኛው መንገድ ቋሚዎች ዛሬም ምንም ሳይሸከሙ ቆመዋል፤ ሐረግ ወጥቶባቸዋል።

ሂሳኤ በየቅዳሜው እናቷ ጋ ትሄድ ነበር፤ በነጭ ትንሽ መኪናዋ፣ የተቀቀለ ባቄላ ወይ በጨው የተቀመመ ነጭ ሥር ይዛ። አንድ ቅዳሜ ከታቴሃማ ዓሣ ጭኖ የሚመጣ ሹፌር እንቅልፍ ሸለብ አደረገውና ዘንጎቹን ደፍጥጦ መጣባት። ቴትሱሮ ሲደርስ መኪኖቹ ገና አልተነሡም፤ ዘንጎቹ ግን ተመልሰው ቆመው ነበር። ላስቲክ ናቸዋ። እስከ ዛሬ ይህን ነገር ሳያነሣው የዋለበት ቀን የለም። "ቀጥ ብለው ቆመዋል እኮ እትዬ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።"

ከማቃጠያው ቤት ስንወጣ ሣጥኗን አቅፎ፣ "በዚያ መንገድ ሁለተኛ አልወስድሽም። ሁለት እስኪሆን ድረስ ከኔ ጋር ትቆያለሽ" አላት። አጠገቡ ነበርኩ። ሐዘን ያናገረው መሰለኝ።

ሐዘን አልነበረም፤ ቃል ነበር። በምዕራብ ዞረን በሌላው አውራጃ እንውሰዳት አልኩት። "ሌባ ናት እንዴ በጓሮ የምትገባው?" አለኝ። አንድ ቀን ደግሞ አይቶ እንዳላየ ይሆናል ብዬ ሣጥኗን ከኮምፒውተሩ አጠገብ አነሣኋት። ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል "አስቀምጪያት" አለ። አስቀመጥኳት።

የመንገድ ሰዎች ኖካዋ መጥተው ሕዝብ የሰበሰቡ ጊዜ ቴትሱሮ ተነሥቶ ጠይቋቸው ነበር። አንድ ክራባት ያሰረ ጎረምሳ በትሕትና ጎንበስ ብሎ፣ ሁለተኛው የሚሠራው በቀን የሚያልፈው መኪና ብዛት ሲፈቅድ ነው አለ፤ ቁጥሩንም ነገረው። አሁን የሚያልፈው የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ቴትሱሮ አመስግኖ ተቀመጠ። በሳምንቱ ያን ጨዋታ ገዛ።

መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ልቡን የሚጥልበት ነገር አገኘ ብዬ። ሁለቱን ከተሞች ከነተራራቸው ሠራቸው። ወንዙን፣ የተዘጋውን ትምህርት ቤት፣ የነዳጅ ማደያውን፣ የኔን ፀጉር ቤት ከነቀይ ጣሪያው። ያየሁት ሁሉ ትክክል ነበር። ከዚያ በመሐላቸው መንገድ ዘረጋ። ግማሽ መንገድ።

ዳይጎ የሚባል የኦሳካ ታክሲ ነጂ አለ፤ በዚሁ ጨዋታ የተዋወቁ ናቸው። ፊቱን አይተነው አናውቅም፣ ድምፁ ግን ከኮምፒውተሩ እየወጣ ቤቱን ይሞላዋል። የዚያን ዕለት እራት ይዤ ስገባ ሲጮህ ደረስኩ።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው? ባንድ እግሩ ብቻ ሱሪ ገዝተህ ታውቃለህ?"

"መጀመሪያ አንዱ ነው የሚሠራው" አለ ቴትሱሮ።

"ማን አለ?"

"እንደዚያ ነው የሚሠራው።"

"ጨዋታ እኮ ነው! ገንዘቡ የውሸት፣ መሬቱ የውሸት። ሁለቱን ባንዴ ዘርጋውና ተገላገል!"

"የመኪናው ቁጥር አልደረሰም።"

ዳይጎ ትንፋሹን ሳበ። "እትዬ ኖቡኤ፣ እዚያ አሉ? ይሄን ሰውዬ ሐኪም አይቶታል?"

"ሐኪሙ ራሱ ኖካዋን ለቆ ሄዷል" አልኩት።

ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ቴትሱሮ አልሳቀም። የሌላ አገር ሰው ይህን ጨዋታ ሲጫወት ያማረውን መንገድ ሙሉውን ይሠራል አሉ። በጨዋታ ውስጥ እንኳ "ለጊዜው" ብሎ የሚጀምር፣ መሬቱን ለሁለት ገዝቶ ባንዱ የሚቀመጥ ሕዝብ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ያደግንበት ነው፣ ምን ይደረግ። ቁጥሩ እንዲደርስ ቁጥሩን የሚያመጣ ነገር ያስፈልጋል ብሎ ኖካዋ ውስጥ ፋብሪካ ተከለ፣ ሆስፒታል ሠራ፣ የፍል ውኃ ማረፊያ ከፈተ። አንዳንዴ እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ አያለሁ። መኪናው ትንሽ ይጨምራል። ከዚያ የኖካዋ ሰዎች መንገዱ ጥሩ መሆኑን ያዩና ዕቃቸውን ጭነው ታቴሃማ ይገባሉ። እዚያ ሱቁ ይበዛል፣ ባሕር አለ። ፋብሪካው ሠራተኛ ያጣል፣ ይዘጋል፣ መኪናው ይቀንሳል። እንደገና ሌላ ይሠራል፣ እንደገና ይሄዳሉ።

አንድ ቀን ስክሪኑ ውስጥ የኔ ፀጉር ቤት በሩ ላይ ምልክት ተለጥፎ አየሁ።

"ምን ሆኖ ነው?"

"ደንበኛ አጥቶ ተዘጋ" አለ።

"ማን ፈቀደለት?" ተናደድኩ። በጨዋታ መሆኑን እያወቅሁ ፊቴ ጋለ። የሚያናድደው ደግሞ ውሸት አለመሆኑ ነው፤ ያን ወር ሦስት ደንበኞቼን በአበባ ሸኝቻለሁ።

እንዲህ እያለ ሦስተኛው ክረምት ገባ። ቶሜ ደከሙ። እኔ በዚያ መንገድ አልፎ አልፎ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር፤ ክብደታቸው ፍራሹ ላይ አይታወቅም። ቤት ለቤት የምትዞረው ነርስ ጓሮ ወስዳኝ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ግድም ፀጉር ቤት ስልክ ተደወለ፤ እሳቸው ናቸው። በዚያ ወር ራሳቸው ሲደውሉ የመጀመሪያቸው ነበር።

"ኖቡኤ፣ ልጄ፣ ደከመኝ" አሉኝ። "ድንጋዩ ሲዘጋላት ልይና ልሂድ። ሌላ አልለምናችሁም። እናት ቀድማ ትገባለች ብዬ ነበር፤ እሺ፣ እሱ ቀረ። ግን ልጄን ውጭ ትቼ አልሄድም።"

"አመጣታለሁ እማማ።"

"ቴትሱሮን እንዳትቆጪው። ቀበቶውን እንዲያስር ብቻ ንገሪው፣ እሱ ይረሳል።"

 መስታወቱ ፊት የተቀመጠችውን ሴትዮ ግማሽ ፀጉሯን እንደቆረጥኩ ትቻት ወጣሁ። ማዘጋጃ ቤቱ የምሳ ሰዓት ነበርና ቴትሱሮ ቤቱ ነው፤ ከነጫማዬ ልገባ ምንም አልቀረኝም።

"አንተ ደንቆሮ!" አልኩት። "መንገድ የምትሠራ ይመስልሃል? አሮጊት ነው እየገደልክ ያለኸው! ሴትየዋ በቁማቸው አልቀዋል። ልጃቸው ስትገባ ማየት ነው የፈለጉት፤ ሌላ ምንም። ላንተ ስም የሰጡ ሴት ናቸው!"

"ቃል ገብቼላታለሁ እትዬ።"

"ለሞተችው! በሕይወት ላሉትስ?"

"በዚያ መንገድ..."

"በዚያ መንገድ እኔ ስንቴ ሄድኩ! የኔ ነፍስ የውሻ ነው?"

 ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሩዙ በትንሿ ሳህን ላይ ይጨሳል። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፣ አላለቀሰም። ወደ ሣጥኗ ዞሮ አያት፣ ከዚያ ወደ ስክሪኑ።

"ቁጥሩ አይደርስም አይደል?" አለኝ።

"አይደርስም።"

"እዚያም፣ እዚህም።"

"እዚያም እዚህም አይደርስም ቴትሱሮ።"

"እንግዲያው ነገ ከሥራ ፈቃድ ልውሰድ። እሠራዋለሁና እንወስዳታለን" አለ። ዕብደት ነው። ለውሸት መንገድ ፈቃድ የሚወስድ ሰው የት አለ? ግን "እንወስዳታለን" የምትለው ቃል ከአፉ ስትወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። በማግስቱ እኔም ፀጉር ቤቱን ዘግቼ መጣሁ።

ሐሙስ ዕለት ሙሉውን ቀን ሠራ። መንገድ እንደዚያ እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። ሁለት መስመር ጎን ለጎን መሳብ መስሎኝ ነበር፤ ዳይጎም "ጎትተህ ልቀቀው" ሲለው የነበረው እሱን ነው። ቴትሱሮ ግን ተራራው ላይ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ዝቅ አድርጎ በወገቡ አስኬደው፤ ተራራ እንዲህ ነው፣ ሁለት መንገድ እኩል ቁመት ላይ አይሸከምም አለ። አንዳንድ ቦታ ተራርቀው በመሐላቸው ደን ገባ። ዋሻው ጋ እያንዳንዱ ለብቻው ገብቶ ለብቻው ወጣ። ሸለቆው ላይ ሲደርስ ባዶዎቹን ቋሚዎች አንድ በአንድ አገኛቸውና ድልድዩን አለበሳቸው። አካፋዩ ላይ የጥድ ችግኝ ተከለ፤ አንዱን ይተክላል፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ ያያል፣ ነቅሎ ትንሽ ፈንጠር ያደርገዋል። ሁልጊዜ የሚለፈልፈው ዳይጎ እንኳ ድምፁ ጠፋ።

"ጋሼ" አለ በመጨረሻ፣ "ታክሲዬን ይዤ ልምጣበት?"

እኔ እራት እያቀረብኩ፣ "በዚህ ጨዋታ መኪና ከመኪና ይጋጫል?" ብዬ ጠየቅኩ።

"አይጋጭም። ቢገናኙም አንዱ ባንዱ ውስጥ ያልፋል።"

"ታዲያ አካፋዩ ምን ይሠራል?"

እጁ የኮምፒውተሩ ማውስ ላይ ቆመ። "እኔ ልየው ብዬ ነው" አለኝ። አፌን በቆረጠው አልኩ።

ከእራት በኋላ ጨረሰና ከኖካዋ ሰዎች መካከል ነጭ ትንሽ መኪና ያላትን አንዲት ሴት መርጦ ስም ሰጣት፤ ይቻላል መሰለኝ። "ሂሳኤ" ብሎ ጻፈ። ተያይዘን ጠበቅን። ለረጅም ጊዜ ከቤቷ አልወጣችም። ከዚያ ወጣች። መኪናዋ ነዳጅ ማደያውን አለፈች፣ የኔን የተዘጋ ፀጉር ቤት አለፈች፣ አዲሱ መንገድ ላይ ወጣች። ከላይ እንደ ሩዝ ፍሬ ናት። በመጪው መንገድ ላይ የጭነት መኪኖች ይወርዳሉ፤ ግን በወዲያኛው በኩል፣ ከጥዶቹ ማዶ፣ ዝቅ ብለው። ወንድሜ ትንፋሹን ይዟል፤ እኔም ይዣለሁ። ዋሻው ውስጥ ገባች፤ ወጣች። ድልድዩን ተሻገረች። ባሕሩ ታየ።

"ደረሰች" አለ ቴትሱሮ። ያኔ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ዳይጎም አፍንጫውን ሲጠርግ ይሰማል።

አልተመለሰችም። ቆይቶ ስሟን ሲነካው ቤቷ ታቴሃማ ሆኗል። እንደ ሌሎቹ እሷም ለቅቃ ሄዳለች።

"እናቷ ጋ ገባች" አለ። "እንውሰዳት እትዬ።"

ያኔውኑ ተነሥተን ብንሄድ ኖሮ! ግን መንገዱ ጨልሟል፣ ውጭው በረዶ ቋጥሯል፤ በዚያ መንገድ በዚያ ሰዓት ራሴም አልደፍረውም። "ነገ ጠዋት" አለኝ። "እሺ ነገ" ልል አፌን ከፍቼ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አየሁት። ማደያው ለደንበኞቹ የሚያድለው ነው፤ እንደማንኛውም የቀን መቁጠሪያ ከየቀኑ ሥር የቀኑ ዕጣ በደቃቅ ፊደል ተጽፎበታል፤ ለሠርግ የሚሆነው፣ ለምንም የማይሆነው። ከዓርብ ሥር "ጓደኛ ጎታች" ይላል። በዚያ ቀን ቀብር አይደረግም፤ ማቃጠያ ቤቶቹ እንኳ ይዘጋሉ። በዚያ ቀን የገባ ሙት አንድ ሰው አስከትሎ ይገባል ይባላል።

"ነገ አይሆንም" አልኩ።

"ለምን?"

"ጓደኛ ጎታች ነው።"

ቴትሱሮ ወደ ሣጥኗ ተመለከተ። "አጥንቷ እኮ ነው። ቀብሩ ያኔ አልፏል።"

"ድንጋይ መክፈት ያው ነው። ነገ ብናስገባት ማንን ይዛ የምትሄድ ይመስልሃል?" የቶሜን ስም አልጠራሁም፣ ለሁለታችንም ግን ገብቶናል። "ቅዳሜ መልካም ቀን ነው። ቅዳሜ ደግሞ የሷ ቀን ነው፣ ሁልጊዜ የምትሄደው ቅዳሜ አይደል?"

ይህን ካልኩት በኋላ እሺ አለ። ለቶሜ ደወልኩ፤ ነርሷ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዘችላቸው።

"ነገ አይሆንም?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"ነገ ጓደኛ ጎታች ነው እማማ።"

"አሃ።" አሉ። "እሱስ ልክ ነሽ። ልብስ አላወጣሁም ደግሞ። ቅዳሜ ይሁን።"

በወንድሜ ሕግ ስንቴ ተሳልቄያለሁ። የማይደርስ ቁጥር የሚጠብቅ ጅል ነው ብያለሁ፤ ሰው ለጻፈው ነገር እንዲህ ይገዛል ወይ ብያለሁ። የራሴን ሕግ ግን ማደያ ላይ በነፃ ከታደለ ወረቀት አንብቤ ቶሜ ላይ አንዲት ቀን ጨመርኩባቸው።

ዓርብ ቤት ዋልን። ጥቁር ልብሶቻችንን ተኮስኩ፣ ቴትሱሮ መኪናውን አጠበ። ለመንገድ ብዬ የሩዝ ጥቅልል ሠራሁ፤ ሩቅ አገር የምንሄድ ይመስል። ከሰዓት በኋላ ነርሷ ደወለች። ቶሜ ልብሳቸውን አስወጥተው፣ ትራስ አስደግፈው፣ ነገ የሚለብሱትን እያዩ ነበር አለች። ሻይ ልታመጣላቸው ገብታ ስትመለስ አልፈዋል።

ስልኩን አስቀምጬ ግድግዳውን አየሁ። ዓርብ ገና አላለቀም። ማንም አልገባ፣ ድንጋይ አልተከፈተ፤ ጎታቹ ግን ጎትቷል። ለቴትሱሮ እንዴት እንደነገርኩት አላስታውስም። "እሺ" ማለቱን ብቻ አስታውሳለሁ። እኔን እንዲሰድበኝ ፈልጌ ነበር። አልሰደበኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። ሣጥኗን ይዤ ከኋላ ተቀመጥኩ፣ ቀበቶውን ለሁለታችን አሰርኩት። "ቀበቶህን" አልኩት። የማን አደራ እንደሆነ አልነገርኩትም። ሙቅ ሻይ ከፔርሙሱ ልስጥህ ብለው በእጁ አልፈልግም አለ። ቀስ ብሎ ነዳ፤ ከኋላችን መኪና ተደረደረ። ዘንጎቹ በጎናችን አንድ በአንድ ያልፋሉ። ቦታው የቱ እንደሆነ አልነገረኝም፤ መሪውን ሲጨብጠው ከጣቶቹ አወቅኩት። ዘንጎቹ እዚያም ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሁለት የጭነት መኪኖች መጡ፣ አየሩ መኪናችንን ገፋ አደረጋት፣ አለፉ። ዋሻው ገባን፣ ወጣን። ሸለቆው ላይ ሐረግ የወጣባቸው ቋሚዎች ምንም ሳይሸከሙ ቆመዋል።  ባሕሩ ታየ።

ምንም አልሆነም። የቶሜ ቤት ደጅ ቆመን እጄ ስለበረደኝ ሻዩን ቀዳሁት፤ ምላሴን አቃጠለኝ። ያን ሁሉ ዓመት የፈራነው መንገድ ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አያስኬድም።

ቶሜ ፊታቸው ላይ ነጭ ጨርቅ አርፎ ተኝተዋል። ያስወጡት ጥቁር ልብስ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ቴትሱሮ ተንበርክኮ ሣጥኗን ከትራሳቸው አጠገብ አኖራት፤ ግንባሩ ምንጣፉን እስኪነካ ዝቅ አለ።

"እማማ፣ አመጣኋት" አለ።

ቀና አላለም። አንሥቼ አወጣሁት።

ቶሜም ተቃጥለው አጥንታቸው ሲሰበሰብ፣ እናትና ልጅ በአንድ ቀን ገቡ፤ ድንጋዩ ተከፈተና ለሁለቱም ተዘጋ። ሲዘጋ ሊያዩ የፈለጉት ሴት ግን አላዩም፣ ውስጥ ነበሩ። ያን ስም ይዞ ውጭ የቀረው ወንድሜ ብቻ ነው።

ከተመለስን በኋላ አንድ ምሽት ሳልጠራው ገባሁበት። ስክሪኑ ፊት ነው። ያን የመሰለ መንገድ እየነቀለው አገኘሁት፤ ከታቴሃማ በኩል ጀምሮ፣ አንድ አንድ ቁራጭ፣ ጥዶቹንም ሳይቀር።

"ምን እያደረግክ ነው? ስንት ደክመህበት!"

"ማን ይሄድበታል?" አለኝ።

"ሌላ ሰው ይሄድበታላ።"

"ቁጥሩ አልደረሰም እትዬ።"

ድልድዩ ላይ ሲደርስ ወለሉን ብቻ አነሣው። ቋሚዎቹን ተዋቸው። ከኮምፒውተሩ አጠገብ ሣጥኗ የነበረችበት ቦታ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል፤ ሩዙን እዚያ አስቀምጦታል። አላጸዳሁትም።

ባልቴቶቹ መቼም አይተውኝም። መስታወቱ ፊት ቁጭ ይሉና አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

"ኖቡኤ፣ ገባች አሉ፣ ተመስገን! ቀኑስ? ደህና ቀን መርጣችሁ ነው?"

"ደህና ቀን ነው የመረጥነው" እላለሁ። "እኔ ነኝ የመረጥኩት። አንገትሽን ቀና አድርጊ።"